ዘግይታ የመጣችው ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው አገራችን፣ እኛ ቤት ተረት የሚነገረው ሰም ሲቀልጥ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ቤት መቼ እንደሚነገር አላውቅም። የአባቴ ታላቅ እህት፣ ትልቁም ትንሹም «እቴቴ» የሚላቸው እቴቴ የሻረግ፣ እሳት ዳር ካልተቀመጡና ድስቱ ከፊታቸው ካልተጣደ የተረት ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ቀን ቀን ዝምተኛ ነበሩ፤ ኮስታራ ናቸው ብል ሐሜት አይሆንብኝም። ልጅ አቅፈው ሲስሙ አይቼ አላውቅም። ምሽት ላይ ግን ሰሙ ሲለሰልስ እሳቸውም አብረው ይለሰልሳሉ፤ እኛም ያችን ሰዓት ስለምናውቅ ከየጎረቤቱ ተሰብስበን እንደ ጫጩት ዙሪያቸውን እንኮለኮል ነበር።

እቴቴ ባላቸው ሞቶ፣ ልጅም ሳይተርፋቸው፣ ወደ ወንድማቸው ቤት የተመለሱ ሰው ናቸው። ሥራቸው ለደብራችን ጧፍ መሥራት ነበር። ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ ይኑሩ እንጂ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት፣ እንባዋ ቅርብ፣ ከማንም ጋር ቶሎ የምትግባባ ሴት ናት። እቴቴ ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ከማለት መሞት የሚመርጡ ዓይነት። ሁለቱ ግን ይዋደዱ ነበር። እናቴ ጥጡን ትፈትላለች፤ እቴቴ በሰም ይነክሩታል፤ ያ ፍቅራቸው መሰለኝ፤ ሌላ ሲባባሉ አልሰማሁም።

ሰሙ የሚመጣው ከከተማው ጠጅ ቤቶች ነበር። ማሩ ለጠጅ ከተበጠበጠ በኋላ የሚተርፈውን ሰፈፍ አባቴ በጆንያ ያመጣዋል። እቴቴ ሰፈፉን ከብዙ ውሃ ጋር አፍልተው፣ በጨርቅ አጥልለው እንዲቀዘቅዝ ያሳድሩታል፤ ጠዋት ሲከፈት ሰሙ ከውሃው ላይ ክብ ሆኖ፣ ቢጫ ዳቦ መስሎ ረግቶ ይገኛል። ይህ የመጀመሪያው ማቅለጥ ነው፤ ውሃ ከመነሻው አብሮት ስላለ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ያ ክብ ሰም ብቻውን፣ ያለ ውሃ፣ በብረት ድስት ይቀልጥና ፈትሉ እየተነከረ፣ እየተጎተተ፣ እየደረቀ ጧፍ ይሆናል። ያን ጊዜ እሳቱ የኩበት ፍም ብቻ መሆን አለበት፤ የሚንቀለቀል እንጨት አይገባም፤ ድስቱም ብቻውን አይተውም። ሰሙ ነጭ ጢስ ማውጣት ከጀመረ ቶሎ ይወርዳል። እቴቴ ተረት የሚያወሩት እንግዲህ ለዚህ ነበር፤ ከድስት ሥር መነሳት የማይችል ሰው ሌላ ምን ይሥራ?

ሲጀምሩም የራሳቸው አጀማመር ነበራቸው። ማማሰያዋን የምድጃው ድንጋይ ላይ መታ መታ ያደርጉና፣

«ጠባቂው ማነው?» ይላሉ።

«እኛ!» እንላለን።

«ዓይናችሁ የት ነው?»

«ድስቱ ላይ!»

«ጆሯችሁሳ?»

«እርስዎ ዘንድ!»

የኩራዙ መብራት አንድ ጎናቸውን ብቻ ያበራዋል፤ ሌላውን ጎን ፍሙ ያቀላዋል፤ ቤቱን የማር ሽታ ይሞላዋል፤ የሚበላ ነገር ያለ እየመሰለን ምራቃችንን እንውጣለን።

በእቴቴ ተረት ውስጥ አንበሳም ጦጣም አልነበሩም። ሰዎቹ ቅቤ፣ ጭቃ፣ እንቁላል፣ ውሃና ሰም ነበሩ፤ ባለቤቱ ደግሞ እሳት። እሳት ደግ ጌታ ነው፤ በሩን ለማንም አይዘጋም፤ ነገር ግን ቤቱ የገባ ሁሉ እንደ አገባቡ አይወጣም። ቅቤ ገና «እንዴት ዋልሽ» ስትባል ጉልበቷ ይከዳታል፤ ፈስሳ መሬት ለመሬት ትዘረጋለች፤ ጌታው ፊቱን ሲያዞር ግን ቀስ ብላ ራሷን ትሰበስብና ምንም እንዳልሆነች ሆና ትቀመጣለች። ጭቃ ለስላሳ፣ ለላካት ሁሉ የምትታዘዝ ልጅ ነበረች፤ ከእሳት ቤት ከወጣች በኋላ ግን ለማንም አልታጠፍም አለች፤ እናቷ መሬት ብትጠራት እንኳ አልመለስ አለች። እንቁላልም እንደዚያው ልቧ ደነደነ። አንዱ ልጅ «መቼም አይመለሱም?» ብሎ ይጠይቃል፤ እቴቴ «ገልን መልሶ ጭቃ ያደረገ ሰው አይተህ ከሆነ ንገረኝና ልጠይቀው» ይሉታል፤ እንስቃለን።

ስለ ውሃ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ውሃን የሚወዷት ይመስለኝ ነበር። ውሃ እሳት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ ምንም የተሰማት አትመስልም። ቆይታ ከሥሯ ትንንሽ እንክብሎች ይነሱባታል፤ ከዚያ ታጉረመርማለች፤ ከዚያ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ በመጨረሻ ክዳኑን እያንገጫገጨች በጣራው በኩል ትወጣለች፤ ስንብት የላትም። «የት ሄደች?» እንላለን፤ እቴቴም ከሌላው ምድጃ የሽሮውን ድስት ክዳን ገልበጥ አድርገው ውስጡ ላይ የተንጠለጠሉትን ጠብታዎች ያሳዩናል። «ይኸውላችሁ፣ ብርድ ሲነካት ትመለሳለች። ውሃ ቂም የላትም። ስትሞቅ ግን ቤቱ ይጠባታል፤ ያ ነው ችግሯ።» እኔም ያኔ ሌሊት ተኝቼ፣ ክዳን ገፍታ የምትወጣውን ውሃ እያሰብኩ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ የተዘጋ ሰው ዓይነት ጭንቅ ይይዘኝ ነበር።

አንዱን ተረት ግን ሳይፈሩ አያወሩትም። ሰምና ውሃ የአንድ አባት ልጆች፣ እናቶቻቸው ጣውንት የሆኑ እህትማማቾች ናቸው። ተቀላቅለው አያውቁም፤ ሰም ሁልጊዜ ከላይ፣ ውሃ ሁልጊዜ ከታች። አብረው ከእሳት ቤት ከገቡና ቀስ ብለው አብረው ከሞቁ ጠብ የላቸውም። አንድ ቀን ግን ሰም እህቷን ሳትጠብቅ ቀድማ ሄደች። ከእሳት ጋር ብቻዋን ስትጫወት ዋለች፤ ከልክ በላይ ሞቀች፤ ጋለች። ውሃ ዘግይታ ደረሰች። ሳትቀመጥ፣ ሳትለምድ፣ እንደ መጣች ከእህቷ ሥር ወደቀች። ሌላ ቀን በዝግታ የምትሞቀው ሙቀት ባንድ ጊዜ መጣባት፤ ቤቱ ባንድ ጊዜ ጠበባት፤ ልትወጣ ዘለለች፤ ስትዘልም በላይዋ የተኛችውን እህቷን ከነእሳቷ ይዛት ዘለለች። «ክፋት እንዳይመስላችሁ» ይሉ ነበር እቴቴ ሲጨርሱ፤ «መዘግየት ነው።»

እናቴ ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማው ነበር። ትሰማዋለች ማለቴ ጆሮዋ ይገባል ማለቴ ነው። የልጅ ጨዋታ ነውና ፈገግ ትላለች፤ ክር ስትጨርስ ትነሳለች።

ያ ክረምት ዝናቡ የበረታበት ነበር። ፍልሰታ ገብቶ፣ ቅዳሴው በየቀኑ ሆኖ፣ ደብሩ ጧፍ በጧፍ ላይ ይፈልጋል። እናቴ ከጾሙ በፊት ከአገራችን ሴቶች ጋር ግሽ ዓባይ ወርዳ ጠበል በቢጫ ጀሪካን ይዛ መጥታለች። ራስ ምታት ነበረባት፤ ግን ለራሷ ብቻ አልነበረም፤ የቤቱ ሁሉ መድኃኒት ነበር። ጀሪካኑ ከአልጋዋ ራስጌ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፤ እህል የቀመሰ ሰው አይነካውም። ልጆች በአጠገቡ ስናልፍ እንኳ ሩጫችንን ገታ እናደርግ ነበር።

ኩበቱ ሁሉ ዝናብ ነክቶት ነበር። እቴቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ከድስቱ ሥር ሲያስገቡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ አላላቸውም፤ እንጨቱን አንዴ ያወጡታል፣ አንዴ ይመልሱታል። ጊዜው ከቅዳሴ መልስ፣ አመሻሹ ላይ ነው። ገና «ጠባቂው ማነው?» ብለው ሳይጀምሩ ከደጅ አንድ ዲያቆን ጠራ፤ ጧፍ አልቋል፣ ለነገው ስንት ይደርሳል ሊል ነው የመጣው። እቴቴ «ዓይናችሁን» ብለውን ብድግ አሉ። ከበሩ አልራቁም፤ ቀሚሳቸው ይታየኛል፤ ድምፃቸውም ይሰማኛል። የባሕር ዛፉ እንጨት ግን ዘይት አለው፤ ባንድ ጊዜ ቦግ አለ። ነጩ ጢስ ሲነሳ ሁላችንም አየነው፤ ሁላችንም ጮኽን።

እቴቴ ተመልሰው ሲገቡ ሰሙ ላይ እሳት ተያይዞ ነበር። ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ረጋ ያለ፣ መጀመሪያ የሚያምር ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ ቀላ፤ ወደ ጣራው ሣር ሽቅብ መሳብ ጀመረ። እቴቴ አልጮኹም። «ውጡ» አሉን፤ ወጥተን በሩ ላይ ቆምን። የቆርቆሮውን ክዳን ከግድግዳው አወረዱና ሊከድኑት ጎንበስ አሉ። እሳት ክዳን ከገጠመው ይጠፋል፤ ያውቁታል፤ ከዚያ በፊትም አድርገውታል።

እናቴ የሮጠችው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ወደ እንስራው አልሄደችም፤ እንስራው ይቀርባት ነበር። እንዲህ ያለ እሳት ቤት ሲነሳ፣ ጣራው ሊያያዝ ሲል፣ የመጀመሪያ ሐሳቧ የጉድጓድ ውሃ አልሆነም። ጀሪካኑን በሁለት እጇ አቅፋ «በስመ አብ ወወልድ» እያለች መጣች፤ እቴቴ «ተይ! አንች፣ ተይ!» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን ቀድማ ደፍታዋለች።

ድምፁን እስከ ዛሬ የማመሳስልበት ነገር አጥቻለሁ። ድስቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሳ። የእሳት ኳስ ጣራውን ነክቶ ወረደ። ጣራው ከዝናቡ የተነሳ ውሃ የጠገበ ስለነበር አልተያያዘም። እቴቴ ግን ጎንበስ ብለው ነበር፤ ፊታቸው፣ አንገታቸው፣ ክዳኑን የያዙበት እጃቸው፣ ሁሉም የጋለ ሰም ለበሰ።

አባቴና ጎረቤቶች በቃሬዛ ከተማ ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ብዙ ቀን እዚያ ሰነበቱ፤ ከዚያ ተመልሰው መጡ፤ ቁስሉ ግን ከላይ ሲደርቅ ከሥር እያመረቀዘ እስከ ጥቅምት ቆየ። ዓይናቸውን ብርሃን ስለሚያመው ኩራዙ ወደ ጓዳ ተወስዶ ነበር፤ ያ ቤት ከዚያ ወዲያ ጨለማ ሆነብኝ። የጎረቤት ልጆችም መምጣት ተዉ። ሰም ሽታው እንኳ ከቤታችን ጠፋ፤ በምትኩ የቅባትና የቁስል ሽታ መጣ።

ወሬውም መጣ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች እናቴን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ግማሹ «ጠበሉ ባይሆን ቤቱ ነዶ ነበር» ይላል፤ ግማሹ የሚለውን በግልጽ አይለውም። አንዲት ባልቴት ናቸው ለመጠየቅ መጥተው፣ እናቴ ደጅ ላይ እየሰማች፣ «ጠበልማ ንጹሕ እጅ ይሻል» ብለው ከአፋቸው ያመለጣቸው። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ቆሎም ይዘው ነበር የመጡት። ያቺ ቃል ግን እናቴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

እናቴ እቴቴን እንዳስታመመች ሰው ሰውን ሲያስታምም አላየሁም። ከጀሪካኑ ሥር ጥቂት ጠበል ተርፎ ነበር፤ እሱን በየጠዋቱ፣ እህል ሳትቀምስ፣ በጥጥ እየነከረች የተሰነጠቀ ከንፈራቸውን ታረጥባቸዋለች፤ አንዳንዴ አንድ ጉንጭ ትሰጣቸዋለች። ሲያልቅ ሰው ልካ አስመጣች። ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ቁስላቸውን ትጠርጋለች፤ በየቀኑም የምትለው አንድ ነገር ነው፦

«እቴቴ፣ ይቅር በሉኝ።»

በአገራችን እንዲህ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ የተበደለው ሰው «ይቅር ለእግዜር» ይላል፤ ከዚያ ነገሩ ያልቃል። ሕፃን እንኳ ያውቃታል። እቴቴ ግን አይሏትም።

«ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? የሠራሽው በደል የታለና?» ይላሉ።

አንድ ቀን፣ ሕመሙ ትንሽ ገታ ያለ ለታ፣ እኔ በአልጋው እግርጌ ተቀምጬ፣ እናቴ ጥጧን ይዛ ስታጎነብስ፣ እቴቴ በዚያ በደነዘዘ ከንፈራቸው፣ «ጠባቂው ማነው?» አሉ። እኔ በሹክሹክታ «እኛ» አልኩ። ከዚያ ያን የሰምና የውሃ ተረት፣ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእናቴ ነገሯት። ለትልቅ ሰው ተረት ሲነግሩ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ሲጨርሱ፣

«ክፋት አይደለም፤ መዘግየት ነው። ሰሙ ነድዶ ነበር። ማንም ቢደፋው ያው ነው። ገባሽ?» አሏት።

«ገብቶኛል እቴቴ» አለች እናቴ፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ይወርዳል። «ይቅር በሉኝ ብቻ።»

«ኧረ ይች ሴት! የሌለ በደል ይቅር ብል ያለ ይሆንብሻል እኮ።»

እንዲህ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እውነት ብለዋል። ልክ ናቸው፤ ሁልጊዜ ልክ ነበሩ። እኔ ግን በዚያ ልክነታቸው እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ሐሰት ትሁን ምን አለበት? ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆዩም። ቃሏን ሳይሏት አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ ቤተ ክርስቲያን መግባት ተወች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልተወችም፤ ትሄዳለች፣ ከማንም ቀድማ ትሄዳለች፤ ግን ከአጥሩ በር አታልፍም። ንጹሕ አይደለሁም ያለ ሰው የሚቆምበት ቦታ አለ፤ እዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች። የንስሐ አባታችን መጡ፤ «ኀጢአት አይደለም» አሏት። «ቀኖና ስጡኝ» አለች። ለልቧ ማረፊያ ይሁናት ብለው ሰጧት፤ ጾመች፣ ሰገደች፣ ጨረሰች፤ ከበሩ ውጭ መቆሟ ግን አልቀረም። ፍልሰታ በደረሰ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ቆርባ ትወጣ የነበረች ሴት፣ ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ ከበሩ ጎን ቆማ ታያቸዋለች። እኔ ያኔ ስሟን እየጠሩ የሚያልፉትን ሁሉ እጠላቸው ነበር፤ የማይጠሯትንም እንዲሁ።

ዓመታት አለፉ። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለመያዝ ወደ ቤት እየተመላለስኩ ስማር፣ አንድ ቀን የሳይንስ መምህራችን በጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርጎ፣ በአፉ ላይ ፊኛ አስሮ እሳት ላይ ያዘው። ውሃው ፈላ፤ ፊኛው ተነፋ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ እጅግ ብዙ ቦታ እንደሚፈልግ፣ ሰፊ ቦታ ካጣ የገጠመውን ሁሉ ገፍቶ እንደሚወጣ አስረዳን። ቀጠለና፣ የጋለ ዘይትና ሰም ከፈላ ውሃ አብልጠው እንደሚግሉ፣ ውሃ ደግሞ ከእነሱ ስለሚከብድ ከሥር እንደሚሰጥም፣ እዚያም በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ እንደሚፈነዳ ነገረን። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ እኔ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ለእናቴ መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ። እቴቴ ያሉት ተረት ስለሆነ አልጣማት ይሆናል፤ ይህ ግን ትምህርት ነው፣ በመጽሐፍ የታተመ፣ በመምህር አፍ የተነገረ ነው፤ እንዴት ይህን አትቀበልም?

ቅዳሜ መንገዱን እየሮጥኩ ነው የጨረስኩት። እናቴን እሳት ዳር አገኘኋት። ሰላምታ እንኳ በወጉ አላልኩም። ትንሽ ድስት ላይ ዘይት አድርጌ፣ በደንብ እስኪግል ጠብቄ፣ ጣቴን ከእንስራው ውሃ ነክሬ አንዲት ጠብታ ጣል አደረግሁበት። ተንጣጣ፤ ፈናጠረ። እናቴ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«አየሽ እማየ?» አልኳት። «ይኸ የጉድጓድ ውሃ ነው። የተባረከ አይደለም፣ ምንም አይደለም። ጻድቅ ይርጨው ኀጥእ ይርጨው፣ ያው ይፈነዳል። በእጅሽ አይደለም። ውሃ ውሃ ነው!»

እናቴ መጣችና ድስቱን ከእሳቱ አወረደችው፤ ክዳኑን ገጠመችበት፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ውሃ ውሃ ነው?» አለች።

«አዎ!»

«እንግዲያ እቴቴን በየጠዋቱ አፋቸውን ያረጠብኩበት ምን ነበር?»

ፊቷን ሳይ የተናደደች አልነበረችም። እንዲያውም ያዘነችው ለኔ ይመስል ነበር።

«እቴቴ የሚሉትን እኮ ያኔውም ሰምቻቸዋለሁ» አለች። «ገብቶኛልም። ደንቆሮ አይደለሁም። ግን ጠበሉ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ለሚሞት ሰው ምንም አልሰጠሁም ማለት ነው። ሲጨነቁ ‹ጠበል ነው፣ ጠጡ› ስላቸው አምነውኝ ነው የጠጡት። ተይው ልጄ፤ ጥፋቱ የኔ ይሁን። የኔ ከሆነ ጠበሉ እንደ ነበረ ይኖራል።»

ያን ምሽት ሽሮ ሠርታ አበላችኝ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስንቄን ይዤ ስሄድ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ።

አሁን ቡሬ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴም ከኔ ጋር ናት። አዲስ ሠራተኛ ስቀጥር ሽንኩርት አከታተፏን ሳላይ በፊት፣ ዘይት እሳት ከያዘ ክዳን ግጠሚበት እንጂ ውሃ እንዳታስጠጊ እላታለሁ። ምክንያቱን ስነግራቸው የመምህሬን ጠርሙስና ፊኛ አላነሳም፤ የሚወጣኝ የሁለቱ እህትማማቾች ነገር ነው። ይስቃሉ፤ ግን አይረሱትም። ከእቴቴ የቀረኝ ይህ ነው እላለሁ፤ ብዙ ነገር ሲሞቅ ምን እንደሚሆን አስተምረውኛል፤ ሰው ሲሞቅበት ምን እንደሚሆን ግን እሳቸውም በደንብ አያውቁት ኖሯል። እኔም አላወቅሁትም።

ባለፈው ፍልሰታ እናቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጉልበቷ አይሸከማትም፤ እንደ ልማዷ ከአጥሩ በር ጎን ቆመች። ታሪኳን የማያውቁ አንድ ወጣት ቄስ ሲያልፉ «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቦታ አለ» አሏት። «እዚህ ይሻለኛል አባ» አለች። እኔን ግን በክርኗ ገፋ አደረገችኝ፤ ግቢ ማለቷ ነው። እኔን የሚያግደኝ ነገር የለም። ገባሁ። ውስጡ በሰው ተሞልቷል፤ ዝማሬው ደረቴ ድረስ ይሰማኛል፤ ሁሉም አምሮበታል። ትንሽ ቆሜ ዞር ስል በክፍቱ በር በኩል አየኋት፤ እኔን አይደለም የምታየው፤ አንገቷን ሰግጋ ውስጡን ነው የምታየው፤ ተርቦ ሰው ሲበላ የሚያይ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው።

ወጣሁና አጠገቧ ቆምኩ።

«ምነው?» አለች።

«ጢሱ ዓይኔን ቆረቆረኝ።»

ውሸቴን እንደሆነ ታውቃለች። እጄን በነጠላዋ ውስጥ ያዘችኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለታችንም ውጭ ቆምን።